የቢዝነስ ፕላን ውድድር፦ ከማስታወቂያው እስከ መድረኩ

ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ዘግይቶ ነው። ጓደኛ ቴሌግራም ላይ ያየዋል፣ «ያቺን ሃሳብህን ለምን አታስገባም?» ብሎ ይልካል። ቀኑ ሲታይ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሌሊቱን ተቀምጦ ፎርም መሙላት ይጀመራል። «የገበያው መጠን ስንት ነው?» ለሚለው ከኢንተርኔት አንድ ቁጥር ይቀዳል፣ ለትርፉ ደስ የሚል ግምት ይጻፋል፣ ይላካል። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም።

ለውድድር ከሚዘጋጁ ወጣቶች ጋር ተቀምጬ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ሃሳቡ ደካማ ስለሆነ የወደቀው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው የሚወድቀው ጸሐፊው ከወንበሩ ስላልተነሳ ነው። ዳኞች ሃሳብ በየቀኑ ይሰማሉ። የሚፈልጉት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአጻጻፉ ይልቅ ከመጻፍ በፊት ባለው ሥራ ላይ ብዙ ይቆያል። አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ካላችሁ ይበቃል።

ነገሩ በደመና ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሁለት ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ ለእንጀራ ጋጋሪዎች የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠግን ድርጅት ሊከፍቱ አስበዋል እንበል። ደንበኛው ይደውላል፣ ባለሙያው በዚያው ቀን ቤት ድረስ ይመጣል። ሃሳቡ ይህ ነው።

የትኛው ውድድር ለእናንተ ይሆናል?

በአገራችን በስፋት ከሚታወቁት አንዱ «ብሩህ» ነው። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ጋር የሚያካሂደው ነው። ኢንስቲትዩቱ በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ «ማዕከል» ተብሎ የተጀመረው ነው። በብሩህ የተመረጡ ተወዳዳሪዎች መጀመሪያ ሥልጠና ይገባሉ፣ ከዚያ ዳኞች ፊት ያቀርባሉ። ሃሳባችሁ ቴክኖሎጂ ከሆነ አይኮግ የተባለው የቴክኖሎጂ ድርጅት ሲያካሂደው የቆየው «ሶልቭ ኢት» አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው የሥራ ሃሳብ ማበልጸጊያ ማዕከል አላቸው፣ በግቢ ደረጃ ያወዳድራሉ። ከአገር ውጪ ደግሞ የናይጄሪያዊው ባለሀብት የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ለአፍሪካውያን ጀማሪዎች 5,000 ዶላር መነሻ ገንዘብ ይሰጣል።

የእኔ ምክር ከትንሹ ጀምሩ ነው። የከተማችሁ ወይም የግቢያችሁ ውድድር ላይ ተወዳዳሪው ያንሳል፣ ዳኞቹም ሰፈሩን ያውቃሉ። የወረዳችሁን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ ያልወጣ ነገር እዚያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ማስታወቂያውን ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ገንዘቡ ምን ዓይነት ነው? ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ በምትኩ ከድርጅታችሁ ድርሻ ይወስዳሉ? «ሽልማት» የሚለው ቃል ሦስቱንም ሊሸፍን ስለሚችል ዝርዝሩን አንብቡ። ሁለተኛ፣ የሚፈልጉት ሃሳብ ነው ወይስ ሥራ የጀመረ ድርጅት? ሥራ የጀመረ ካሉ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቃሉ። ሃሳብ ካሉ ብዙውን ጊዜ መታወቂያ ይበቃል። ፋይዳ ያላወጣችሁ ግን ዛሬውኑ አውጡ፣ ኋላ የባንክ ሒሳብ ስትከፍቱም ትጠየቃላችሁ።

ሦስተኛው ሰዓቱና ቀኑ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ጥሩ ሥራ መና ያስቀራል። ፎርሙ በውጭ አቆጣጠር «11:59 ፒኤም» ካለ በእኛ ከምሽቱ 5:59 ነው። ቀኑም እንደዚያው። «ሴፕቴምበር 10» ማለት ጳጉሜን 5 ነው፣ መስከረም 10 አይደለም። የመጨረሻውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ጻፉና ለራሳችሁ ከዚያ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ዝጉ። መብራትና ኔትወርክ በመጨረሻው ሰዓት አይታመኑም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «ተመርጣችኋል፣ ለማስኬጃ ይህን ያህል በቴሌብር ላኩ» የሚል መልእክት ከመጣ ቆም በሉ። ወደ አዘጋጁ መሥሪያ ቤት በአካል ሄዳችሁ ወይም በታወቀ ስልኩ ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አንድ ብር አትላኩ።

ከመጻፍ በፊት ውጡ

የዚህ ሁሉ ልብ እዚህ ነው። ከጋጋሪዎች ጋር ሳትነጋገሩ አንድ መስመር አትጻፉ። 30 ሰው ዒላማ አድርጉ። በቀን አምስት ብታገኙ በስድስት ቀን ያልቃል።

ችግሩ ሰው ማግኘቱ አይደለም፣ እውነቱን ማግኘቱ ነው። እኛ ይሉኝታ አለብን። ወጣት ልጅ መጥቶ «እንዲህ ያለ አገልግሎት ብንጀምር ትጠቀሙበታላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ «አይ፣ አልፈልግም» የሚል ስንት ሰው አለ? «በጣም ጥሩ ነው ልጄ፣ በርቱ» ይባላል። ቡናም ይቀርባል። ያ ምርቃት ነው፣ መረጃ አይደለም። «ካነጋገርናቸው 30 ሰዎች 28ቱ እንጠቀማለን ብለዋል» የሚል ማመልከቻ ሳይ የተጠየቀውን ጥያቄ ሳልነገር አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ስለ ወደፊቱ አትጠይቁ። ስላለፈው ጠይቁ። ያለፈ ነገር ላይ ይሉኝታ ብዙ አይገባም።

«እትዬ፣ ምጣድዎ ለመጨረሻ ጊዜ የተበላሸው መቼ ነበር?»

«ከጥምቀት በፊት። ሽቦው ተቃጠለ።»

«ማን ሠራልዎት?»

«አንድ ልጅ አለ። ስልኩን አያነሳም እንጂ ጎበዝ ነው።»

«ስንት ቀን ቆመ?»

«ሦስት ቀን። ከጎረቤት ምጣድ ለምኜ ጋገርኩ። ሁለት ሱቅ ግን ማድረስ አልቻልኩም፣ አንዱ በዚያው ቀረ።»

ይህ ንግግር ስንት ነገር እንደያዘ ተመልከቱ። የብልሽቱ ዓይነት ታወቀ። ተወዳዳሪያችሁ ማን እንደሆነ ታወቀ፣ ድክመቱም ታወቀ። ከሁሉ በላይ የሴትዮዋ እውነተኛ ኪሳራ ታወቀ። እሳቸውን የጎዳቸው የጥገናው ዋጋ አይደለም። ሦስቱ ቀንና የቀረው ሱቅ ነው። እንግዲህ የምትሸጡት ርካሽ ጥገና መሆን የለበትም፣ ፈጣን ጥገና ነው። ይህን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ የለም።

ቀጥሎ ስንት እንደከፈሉ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚበላሽ፣ ስንት ምጣድ እንዳላቸው ጠይቁ። መልሱን እዚያው ደብተር ላይ፣ በራሳቸው ቃል ጻፉ። ማታ ላይ ትረሱታላችሁ፣ ወይም ሳታስቡት ታሳምሩታላችሁ።

ከ30ው ውስጥ በጣም የተቸገሩት አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ራሳቸው ይለያሉ። እነሱ ጋ ተመልሳችሁ ሂዱ፣ አሁን ቀብድ ጠይቁ። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በዚያው ቀን እየመጣን እንጠግናለን፣ ለመጀመሪያው ጥገና 100 ብር ቀብድ ይስጡን» በሉ። ደረሰኝ ጽፋችሁ ስጡ። ሥራው ካልተጀመረ ሳትጠየቁ መልሱ። ቀብድ የሰጡ አምስት ጋጋሪዎች «በርቱ» ካሉ 500 ሰዎች ይበልጣሉ። መድረክ ላይ «አምስት ደንበኞች ሥራ ሳንጀምር ከፍለውናል» ስትሉ አዳራሹ ጸጥ ይላል።

ከተቻለ ደግሞ አንድ ሳምንት ሞክሩት። ሁለት ምጣድ በነጻም ቢሆን ጠግኑ። ስንት ሰዓት ፈጀ? ታክሲው ስንት አስወጣ? የሄዳችሁበት ቤት መብራት ባይኖርስ? እነዚህ ሁሉ ኋላ ሒሳቡ ላይ ይገባሉ።

ሒሳቡ

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ሆኖም የሚያስፈልገው መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ከፕላናችሁ ሰርዙ። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው፣ 1 በመቶውን ብንይዝ...» የሚለውን። 1 በመቶ ማለት ከ1.2 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። በሁለት ባለሙያ ማን ይደርስላቸዋል? ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ። በሁለት ወረዳ ስንት ጋጋሪ አለ? እያንዳንዱ በዓመት ስንት ጊዜ ያስጠግናል? ሁለት ባለሙያ በቀን ስንት ቤት ይደርሳል?

እንሞክረው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። አንድ ባለሙያ በቀን ሦስት ምጣድ ይጠግናል፣ በወር 26 ቀን ይሠራል። ሁለት ባለሙያ ሲሆን 156 ጥገና ነው። ከዚህ በላይ በዚህ የሰው ኃይል አይቻልም። አንድ ጥገና 700 ብር ይከፈልበታል። ከዚያ ውስጥ 150 ብሩ ለመለዋወጫ ይወጣል። ለእናንተ የሚተርፈው 550 ነው።

አሁን ጥገና ኖረም አልኖረም በየወሩ የሚወጣውን ደምሩ። ኪራይ 15,000። ሁለት ባለሙያ እያንዳንዱ 12,000፣ አንድ ላይ 24,000። ትራንስፖርት 9,000። ስልክና ልዩ ልዩ 3,000። የእናንተ የራሳችሁ ደመወዝ 10,000። «ለራሴ ምንም አልወስድም» አትበሉ። ዳኛው አያምናችሁም፣ ልክም ነው። ቤት ኪራይ የማይከፍል፣ የማይበላ ሰው የለም። ድምሩ 61,000 ብር ሆነ።

61,000ን ለ550 አካፍሉ። 111 ጥገና። በወር ከዚህ በታች ከሠራችሁ ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ፣ ከዚህ በላይ ከሠራችሁ ታተርፋላችሁ። ይህን አንድ ቁጥር ከእንቅልፋችሁ ቀስቅሰው ቢጠይቋችሁ እንድትመልሱ ሆናችሁ ያዙት።

ግን በመጀመሪያው ወር 111 ደንበኛ አይመጣም። በመጀመሪያው 40፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 80፣ በአራተኛው 100 ቢሆን፣ የየወሩ ጉድለት 39,000፣ 28,000፣ 17,000 እና 6,000 ነው። ሲደመር 90,000 ብር። እኔ ካየኋቸው ፕላኖች አብዛኞቹ የሚረሱት ይህን ነው። ለመሣሪያ 120,000 ብር ይጠይቃሉ፣ ለእነዚያ አራት ወራት መቆያ ግን ምንም አይዙም። ገንዘቡን ያሸንፋሉ፣ ዕቃ ይገዛሉ፣ በሦስተኛው ወር ኪራይ ያቅታቸዋል። ምሳሌያችንም ለመሣሪያ 120,000 ቢፈልግ፣ በትክክል የሚያስፈልገው ከ90,000ው መቆያ ጋር 210,000 ብር ነው። ያን በግልጽ ስትጽፉ ዳኛው የሚያየው ብዙ ገንዘብ የጠየቀ ሰው ሳይሆን ሥራውን ያሰበ ሰው ነው።

ዋጋ ከትዝታ አትጻፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ያለበት ፕላን ሁሉ በዚያ ወር አርጅቷል። ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃ መርካቶ ወጥታችሁ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ (በጽሑፍ የተሰጠ ዋጋ) አምጡ፣ ቀኑ የቅርብ ይሁን። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት እንደሆነም ጠይቁ፣ 15 በመቶ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

አሁን ጻፉ

ደብተሩና ሒሳቡ ካለ ጽሑፉ ሦስት ቀን አይፈጅም። አዘጋጁ የራሱ ፎርም ካለው በእሱ ሂዱ፣ የሰጣችሁን የቃላት ገደብ አክብሩ። ሁሉንም ባንድ ገጽ ለማየት ዘጠኙ ሳጥኖች ያሉት ቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ ይረዳል። ብዙ ሥልጠና ላይም እሱን ያስሞሏችኋል።

ማጠቃለያው ፊት ላይ ቢቀመጥም መጨረሻ ላይ ይጻፋል። በአምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር ማን እንደተቸገረ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ እስካሁን ምን እንዳደረጋችሁ፣ ስንት እንደምትፈልጉና በምን ላይ እንደምታውሉት ይናገር። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ከሆነ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወይም በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉት። ሃሳቡ ከጠራ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ይቀላል።

«ተወዳዳሪ የለንም» ብላችሁ አትጻፉ። ስልክ የማያነሳው ልጅ ተወዳዳሪያችሁ ነው። የጎረቤት ምጣድ ተወዳዳሪያችሁ ነው። ማገዶም ተወዳዳሪያችሁ ነው። ዘርዝሯቸውና የት ላይ እንደምትበልጧቸው፣ የት ላይ እንደሚበልጧችሁ በእውነት ጻፉ።

ሃሳባችንን ቢሰርቁንስ?

ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል፣ ፍርሃቱም ይገባኛል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን፣ የተሠራውን ሥራ ነው። ሃሳብን በሃሳብነቱ አይጠብቅም። በእርግጥ አዲስ የፈጠራ ሥራ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ሙቀት የሚቆጥብ አዲስ የምጣድ አሠራር፣ የፈጠራ አዋጁ ቁጥር 123/1987 አለ። እንዲህ ከሆነ መድረክ ላይ ከማሳየታችሁ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ሄዳችሁ አማክሩ። ስማችሁንና አርማችሁን ደግሞ በንግድ ምልክት ማስመዝገብ ይቻላል። ከዚያ ውጪ ያለውን አትፍሩ። የምጣድ ጥገና ሃሳብ ማንም ሊሰማው ይችላል፣ የ30 ጋጋሪዎች ደብተር ግን ያለው እናንተ ጋ ነው።

ከጓደኛ ጋር ስትገቡ

ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ገጽ ተጻጻፉ። ማን ምን ያህል ድርሻ አለው? ማን ሙሉ ቀን ይሠራል? አንዱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ቢሄድ ወይም አገር ቢለቅ ድርሻው ምን ይሆናል? ጓደኛን ይህን መጠየቅ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ መጠየቅ ግን ያጣላል። ብቻችሁን ከሆናችሁ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋምን ፈቅዷል። ድርጅት ለማቋቋም ብላችሁ ሸሪክ መፈለግ የለባችሁም።

መድረኩ

የሚሰጣችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። በሰላምታና በምስጋና አንዱን ደቂቃ አትጨርሱ። ከሴትዮዋ ጀምሩ። «ከጥምቀት በፊት የአንዲት ጋጋሪ ምጣድ ተበላሸ። ሦስት ቀን ቆመ። አንድ ደንበኛ ሱቅ ጠፋባቸው።» ከዚህ በኋላ የምትሉትን ሁሉ ሰው ይሰማል። ስማቸውን ለመጥራት ግን ፈቃዳቸውን ጠይቁ።

ስላይዱ ላይ ጥቂት ቃል፣ ትልቅ ቁጥር ይኑር። ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት። የአማርኛ ፊደል በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ባዶ ሳጥን የሚቀየርበት ጊዜ አለ፣ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን እንዳለ ይቀመጣል። በፍላሽም በኢሜይልም ያዙት። ለዳኞች የሚበቃ ኮፒ በወረቀት አትሙ። መብራት ቢጠፋ ወረቀቱን አድላችሁ ትቀጥላላችሁ።

ልምምዱን ቢዝነስ የማያውቅ ሰው ፊት አድርጉት። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ከሰሙ በኋላ በራሳቸው ቃል መልሰው ከነገሯችሁ ተሳክቷል። በስልክ ሰዓት ያዙ፣ ድምፃችሁን ቅዱና ስሙት። ቢያንስ አሥር ጊዜ።

ውጤቱን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ነው። «በወር 80 ብቻ ብታገኙስ?» ይሏችኋል። «17,000 ብር እንጎድላለን፣ ለዚያ መቆያ ይዘናል፣ በዚህ ወር ደግሞ ይህን ወጪ እንቀንሳለን» ትላላችሁ። «ለምን እናንተ?» ሲሏችሁ ደብተሩን አንሱ። የማታውቁት ከመጣ «ይህን አላጣራነውም፣ በዚህ መንገድ እናጣራለን» በሉ። እዚያው ቁጥር ፈጥሮ መናገር ከሁሉም የከፋ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ ያጋልጣችኋል። ዳኛ ሲተችም አትከራከሩ፣ ጻፉት። ያ ሰው ምናልባት ያን ስህተት በራሱ ገንዘብ ከፍሎበታል።

ከውጤቱ በኋላ

ካሸነፋችሁ ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ላይሰጥ ይችላል፣ በየደረጃው ሪፖርት እየታየ ሊለቀቅ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ቢመጣ ምን እንደምትገዙ ቀድማችሁ ወስኑ። ለድርጅቱ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ደረሰኝ ያለው ግዢ ፈጽሙ፣ ወረቀቱን በየቀኑ አስቀምጡ። ግብሩን በተመለከተ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ጋ ለአንድ ሰዓት ከፍላችሁ ተቀመጡ፣ ከቅጣት ይረክሳል።

ካላሸነፋችሁ በዚያው ሳምንት ለአዘጋጁ ጻፉና የጎደላችሁ ምን እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ። ሁሉም አይመልስም፣ የሚመልስ ግን አለ። ከዳኞቹ ወይም ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ያወራችሁትን ሰው ስልክ አትጣሉ። ፕላኑንም አትዝጉት፣ ፕሮፎርማዎቹን አድሳችሁ ለሚቀጥለው አዘጋጁት።

በሁለቱም መንገድ ግን፣ ውጤቱ በተነገረ ማግስት ጠዋት፣ ቀብድ የሰጧችሁ አምስት ጋጋሪዎች ጋ ደውሉ። ምጣዳቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቁ።